ስለ ቅዳሜ የቃል ጉባኤያችንና ስለ ጠፋው የስም ወረቀት ለክቡር ሹም የቀረበ ምስጋና

ጎንደር፣ ኅዳር ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የሕዝብ ስብሰባ ፈቃድ ክፍል ሹም፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። አምና በጥቅምት ደጅዎን በጠናሁባቸው አሥራ አንድ ቀናት ጸሐፊዎ «ዛሬም ትንሽ አሟቸዋል» እያሉ ሲመልሱኝ ስለ ነበር፣ እኔና በረንዳዎ ላይ አብረውኝ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሁሉ ስለ ጤናዎ ስንጸልይ ሰንብተናል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በጓሮው በር ወጥተው ወደ ፒያሳ በፈጣን እርምጃ ሲሄዱ ስላየንዎ፣ ጸሎታችን መሰማቱን አውቀን ደስ ብሎናል።

እኔ አላምረው ወልደኢየሱስ እባላለሁ። ስሜን ባያስታውሱት እጅ ጽሕፈቴን ያውቁታል፤ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ነኝና፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ከሚገባው አቤቱታ ግማሹ በእኔ ብዕር የተጻፈ ነው። ለሌላ ሰው ስጽፍ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለ ሆነ፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢገኝ ክቡርነትዎ በለመዱት ትዕግሥት እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ ቤቱ በር፣ በቅዳሜ ገበያ መግቢያና በተዘጋው አዳራሻችን ግድግዳ ላይ መለጠፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ለጽሕፈት ቤትዎ ብቻ የተሰጠ ወረቀት ምን እንደሚደርስበት አይቼ ነው።

የምጽፈው ለማመስገን ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ወይዘሮ እንኳየሁ የተባሉት የጠላ ነጋዴ ባዶ መጋዘናቸውን ለቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ፈቀዱልን፣ የከተማውም የገጠሩም ሰው ከገበያ በኋላ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ያህል እየተቀመጠ፣ ቅኔ ያለው ቅኔውን፣ ግጥም ያለው ግጥሙን፣ ያየውን የሚያወጋም ወጉን የሚናገርበት ጉባኤ እንድናቆም ለመንኩ። ክቡርነትዎም በየሳምንቱ የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ በሦስት ግልባጭ ተጽፎ እንዲቀርብ አዘዙ። እኔ ደግሞ ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ መሆናቸውን፣ ግጥሙንም እዚያው ቆመው የሚፈጥሩት እንጂ ከቤት ይዘውት የሚመጡት አለመሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። «እንግዲያው የሚያስቡትን ሁሉ አስቀድመው አስበው ያምጡ» የሚለው መልስዎ ከነማኅተሙ እስከ ዛሬ በቤቴ አለ። በሰባተኛው ወር ፈቃዱን ሲሰጡን፣ የሰባት ወር ምላሳችንን ጠብቀንልዎ ቆይተን ነበርና ያን ቀን እስኪመሽ ተናገርን።

መጋዘኑን ክቡርነትዎ ገብተው ስላላዩት በአጭሩ ልግለጸው። ጣሊያን ማኪና ያድስበት የነበረ ቤት ነው። ሠራተኛው ከማኪናው ሥር ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ መካከሉ ላይ ነበር፤ እኛ በሳንቃ ከደንነው። ተናጋሪው እዚያ ሳንቃ ላይ ሲቆም ድምፁ ከሥር እንደ ከበሮ ይመለስለት ነበርና፣ በገጠር ማንም ሰምቷቸው የማያውቅ ዓይን አፋር ሰዎች በገዛ ድምፃቸው ሲደነግጡና ሲኮሩ አይቻለሁ። የቅኔ ተማሪውና እንጨት ሻጯ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ሕጋችን ሁለት ብቻ ነበር፤ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፣ ንግግር ሳያልቅ ጠላ አይቀዳም። ሁለተኛውን ሕግ ያወጡት ጠላ ነጋዴዋ ራሳቸው መሆናቸውን ስነግርዎ እኔም እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸሐፊው አመሰግናለሁ። በ፲፱፻፶፫ ታኅሣሥ በአዲስ አበባ ከሆነው ነገር በኋላ፣ ክቡርነትዎ ለደኅንነታችን አስበው አንድ ጸሐፊ መደቡልን፤ የሚነገረውንም ቃል በቃል ጽፎ እንዲያቀርብልዎ አዘዙ። ከዚያው ጋር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በቀር ማንም ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ከለከሉ። በጽሕፈት የምኖረው እኔ ሳልቀር እርሳሴን ለወይዘሮ እንኳየሁ እያስረከብኩ ገባሁ። እንዲህ በማድረግዎ በጎንደር ከተማ የተነገረ ግጥም በአንድ እጅ ብቻ፣ በአንድ ወረቀት ብቻ፣ በአንድ ቁም ሣጥን ብቻ እንዲገኝ ሆነ። መጽሐፍ ቤት ሳንለምንዎ ሰጡን፤ ችግሩ ቁልፉ ከእርስዎ ጋር መሆኑ ብቻ ነበር።

ጸሐፊው የሻው የሚባል ወጣት ነበር። መጀመሪያ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ፈራው፣ እሱም ሰዉን ፈራ። የኮሶዬው ገብስ አራሽ አያ ሰጠኝ ግን ሳንቃው ላይ ወጥተው፣

«የኮሶዬ ብርድ ይሻለኛል ከሹም፣
ቢያንዘፈዝፍ እንጂ ደጅ አያስጠናኝም»

ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ የሻውም አንገቱን ደፍቶ በወረቀቱ ላይ «ስለ አየር ጠባይ የተነገረ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድነው።

ሦስተኛ፣ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበረ። ነገር ግን ለሰው ስጽፍ የማይደርስብኝ ነገር ለራሴ ስጽፍ ደረሰብኝና፣ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን እንደ ሆነው እንዳወራ ይፍቀዱልኝ።

እማሆይ ወለተሩፋኤል የሚባሉ፣ ከቀሃ ማዶ ከልጃቸው ከሐረገወይን ጋር የሚኖሩ፣ ቆብ የጫኑ አሮጊት ከኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጡ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ቃል ሲሰሙ ቆዩ። ትውልዳቸው ከትክል ድንጋይ በታች ካለች ትንሽ መንደር ነው። በ፲፱፻፶፬ የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ልጃቸውን ተደግፈው ወደ ሳንቃው መጡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ ግጥም አላውቅም። እኔ የማውቀው ስም ነው።»

ከዚያም ነገሩን አስረዱን። በ፲፱፻፴ ኅዳር ፳፬ ቀን እሳቸውና የስድስት ዓመቷ ሐረገወይን ለዘመድ ልጅ ክርስትና ኮሶዬ ሄደው ሳለ፣ የጣሊያን ጦር አርበኛ አሳደራችሁ ብሎ መንደራቸው ገባ። ሲመለሱ ሠላሳ አንድ ሰው ሞቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከነመጻሕፍቱ ተቃጥሎ ቆያቸው። ከሞቱት አንዱ ባለቤታቸው ቄስ ዳኛው ነበሩ። ቄስ ዳኛው በመንደሩ ልጅ ባጠመቁ ቁጥር ማታ ቤት ገብተው የክርስትና ስሙን ለሚስታቸው የመንገር ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ የሙታኑን የዓለም ስም ጎረቤት ሁሉ ቢያውቀውም፣ በጸሎት የሚጠሩበትን የክርስትና ስማቸውን ከነሙሉው የያዘ ሰው ከእሳቸው በቀር አልተረፈም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ኅዳር ፳፬ በመጣ ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ሠላሳ አንዱን በለሆሳስ ሲቆጥሩ ኖረዋል።

ያን ቀን ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ። ክቡር ሆይ፣ በልጅነታቸው ለቅሶ ላይ ግጥም አውራጅ ነበሩና፣ «ግጥም አላውቅም» ያሉት ለትሕትና ነው። እያንዳንዱን ሰው ሞት ባገኘው ቦታ ላይ እንደ ነበረ አቆሙልን። ከዚያ ሁሉ በጆሮዬ የቀረው ይህ ነው፤

«ሥርጉተ ማርያምም ጥጧን ይዛ ቀረች፣
አመተ ሚካኤል እንስራ ሰበረች፤
ገብረ ሥላሴንም ከሞፈሩ ጋራ፣
ተክለ ሃይማኖትን ከነበሬው ጥራ።»

የሻው መከተል አቃተውና፣ በጉባኤያችን ሕግ የሚናገር ሰው የማይቋረጥ መሆኑን እያወቀ ከመቀመጫው ተነሣ። «እማሆይ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ፤ አንድም እንዳያመልጠኝ» አለ። እሳቸውም ቀስ አሉለት። አንድ ስም ይጠሩና ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱ ጽፎ ራሱን ሲነቀንቅ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አርባ ሦስት ሰው ነበርን፤ የእርሳሱን ድምፅ ሁላችንም እንሰማው ነበር።

ሲጨርሱ ወደ ጠረጴዛው ሄደው፣ ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሁሉንም ጻፍከው፣ ልጄ?»

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ እማሆይ።»

«ከተጻፈማ ሸጋ ነው» አሉ። «እንግዲህ እኔ ብሞትም እነሱ አይጠፉም። መንግሥት ይዟቸዋል።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ እንዲህ ያለ መልካም ቃል ሲነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ ስለዚህ እንዲያውቁት ብዬ ጻፍኩት።

እማሆይ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዐረፉ። ሐረገወይን ከእናቷ አፍ እየሰማች ካደገቻቸው ስሞች አሥራ ዘጠኙን ታውቃለች፤ በጆሮዬ የቀሩት አራቱም ከእነዚያው ናቸው። የቀሩትን አሥራ ሁለቱን እንዲነግሯት እናቷን በደኅናው ቀን ለምን እንዳልጠየቀች ስጠይቃት፣ «ተጽፏል ብዬ ነዋ፣ አያ አላምረው» አለችኝ። እኔም እዚያው ተቀምጬ የሰማሁ ሰው፣ በጽሕፈት የምኖር ሰው፣ ያን ማታ እቤቴ ገብቼ ስሞቹን በማስታወሻዬ ላይ ያላሰፈርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ተጽፏል ብዬ ነው። ይህን ጥፋት በክቡርነትዎ ላይ አላሳብብም፤ የእኔ ድርሻ ነው፣ ከነሙሉው ወስጄዋለሁ።

ኅዳር ፳፬ ሳይደርስ፣ ቄሱ በቅዳሴው ስማቸውን እንዲጠሩላት፣ የዚያን ወረቀት ግልባጭ ለመለመን በጥቅምት ፲፱፻፶፭ ማመልከቻ ጻፍኩላት። ክቡርነትዎ በመጀመሪያ ወረቀቱ ምሥጢር ስለ ሆነ ለግለሰብ እንደማይሰጥ ገለጹልን። አርባ ሦስት ሰው የሰማው ምሥጢር መሆኑን በማስታወስ ሁለተኛ ስንጽፍ፣ ሐረገወይን የተናጋሪዋ ወራሽ መሆኗን በፍርድ ቤት አስመስክራ እንድትመጣ አዘዙ። አስመስክራ መጣች። ኅዳር ፳፬ በዚህ መካከል አለፈ። ቀጥሎ የመዝገቡን ቁጥር እንድናመጣ ተጠየቅን፤ የመዝገቡ ቁጥር ያለው መዝገቡ ላይ መሆኑን ጸሐፊዎ ሲነግሩን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። የሻው እንዳይረዳን ወደ አይከል ተዛውሯል፤ የተዛወረውም የሚያቀርበው ጽሑፍ ከሚገባው በላይ እየረዘመ ስላስቸገረ መሆኑን ሰማን።

በሚያዝያ ቁርጡ ተነገረን። ከበላይ መርማሪ ሊመጣ ነው ተብሎ መዝገብ ቤቱ በጥር ሲጸዳ፣ የሁለት ዓመቱ የጉባኤያችን ወረቀት ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል። የሰጡንን የጽሑፍ መልስ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ እዚህ እገለብጣለሁ፤ «ለጸጥታ የሚያሰጋ ነገር ስላልተገኘበት እንዲጠበቅ አልተደረገም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። እማሆይ በሠላሳ አንዱ ስም መካከል አንድ የስድብ ቃል፣ አንድ የአመፅ ሐሳብ ጣል አድርገው ቢሆን ኖሮ፣ ወረቀታቸው በብረት ሣጥን ተቆልፎ እስከ ዛሬ ይገኝ ነበር። ስም ብቻ በመጥራታቸው ጠፋ። ለወደፊት በጎንደር ሙታኑን ማስታወስ የሚፈልግ ሰው፣ ሹሙን ትንሽ እየሰደበ እንዲያስታውስ ምክር መስጠቴን እንደ ውለታ ይቁጠሩልኝ።

ከመዝገብ ቤት የሚጠረግ ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቃል። ሐረገወይንና እኔ ቅዳሜ ገበያ ገብተን በርበሬ ተራ ደረስን። ሸዋአየሁ የምትባለው በርበሬ ሻጭ ከመቀመጫዋ ሥር አንድ ቁልል የመጠቅለያ ወረቀት ነበራት። ነገሩን ስንነግራት ሚዛኗን አስቀመጠች፣ ገዢዎቿን «ዛሬ አልሸጥም፣ ሂዱልኝ» ብላ አሰናበተች፣ የቀረውን ሁሉ እፊታችን ዘረገፈችው። እኛ እያስነጠስን፣ እሷ እያለቀሰች፣ በበርበሬው ይሁን በነገሩ እንጃ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ አየነው። የአያ ሰጠኝን ብርድ አገኘነው። የአንድ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ከላይ ተቀዶ አገኘነው። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ሳለች ሐረገወይን ማንበብ ስለማትችል አንድ ገጽ አንሥታ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

የየካቲቱ ቅዳሜ የመጀመሪያ ገጽ ነበር። በየሻው ንጹሕ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «የተገኘው ሰው ብዛት፣ አርባ ሦስት። ተናጋሪ፣ እማሆይ ወለተሩፋኤል። የተነገረው ስለ ሙታን ነው። ለጸጥታ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘበትም። የስሞቹ ዝርዝር በሚቀጥለው ገጽ።»

የሚቀጥለው ገጽ አልነበረም። ሐረገወይን ፊቴን አይታ ሳልነግራት ገባት።

«የዚያኛውን ገጽ ለማን እንደ ጠቀለልኩበት በምን ልወቀው፣ እኅቴ?» አለች ሸዋአየሁ። «ገበያ ነው። ከአርማጭሆ የመጣ ይወስዳል፣ ከደንቢያ የመጣ ይወስዳል።»

ግንቦት ላይ የጭነት ማኪና ተሳፍረን አይከል ወረድን። የሻውን የእህል መጋዘን ጆንያ ሲቆጥር አገኘነው። ሐረገወይንን ባየ ጊዜ የእናቷን ሞት ስላልሰማ «እማሆይ ደኅና ናቸው?» ብሎ ነበር የጀመረው። ከነገርነው በኋላ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«እጄ ጻፈው እንጂ እኔ አልያዝኩትም» አለ። «ጽፌዋለሁ ስላቸው ከራሴ ላይ ወረደልኝ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ። እማሆይ ዞር ብለው ሲያዩት እንደ ነበረ እያሰበ፣ አንድ ስም፣ ቆይቶም አንድ ሌላ አወጣ። ሦስተኛውን ወልደ ገብርኤል ይሁን ወልደ ሩፋኤል መለየት አቃተው፤ ሁለቱንም ያዝንለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅነው። በመጨረሻ ሐረገወይን ራሷ፣ «ተወው ወንድሜ፣ ይበቃሃል፤ አትታመምብኝ» ብላ አስነሣችው። እኔ ወንጅላ እንደምትጮህበት ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ለመንገድ ያሰረችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጥታው ተመለስን።

አሥራ ዘጠኝና ሦስት ሃያ ሁለት ነው። ዘጠኝ ሰው ቀርቷል።

ጉባኤያችን የሞተው ከዚህ በኋላ ነው እንጂ ክቡርነትዎ እንደሚሉት ከዚህ በፊት አይደለም። ወሬው ተሰማ። ሴቶቹ ቀድመው ቀሩ። የቅኔ ተማሪዎቹ ሁለት ቅዳሜ መጥተው ዝም ብለው ተቀመጡና ሄዱ። በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ሰውና ክቡርነትዎ የላኩት አዲስ ጸሐፊ ብቻ ነበርን። አያ ሰጠኝ ከኮሶዬ በዝናብ ወርደው እንደ ልማዳቸው ሳንቃው ላይ ወጡ።

«አላምረው» አሉኝ፣ «እኔ በሬዬን ስጠራው እንኳ ጆሮውን ያዞርልኛል። ምነው፣ እዚህ ለማን ነው የምናገረው?»

«ለእኛ» አልኳቸው። ዞር ብለው ባዶውን አግዳሚ ወንበር ሁሉ አዩት፤ ያዘኑልኝም መሰለኝ። ወርደው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ወይዘሮ እንኳየሁ ያን ቀን ጠላውን ማንም ሳይናገር ቀዱት። በሐምሌ ፈቃዱ እንዲታደስ ሳመለክት ክቡርነትዎ «የተሰብሳቢው ቁጥር ስለ ቀነሰ ፈቃድ ማደስ አላስፈለገም» ብለው መለሱ። አያ ሰጠኝን ያህል ተናጋሪ ዝም ለማሰኘት እኮ ፖሊስ አላስፈለገዎትም፤ መጥረጊያ ብቻ በቃዎት። እንዲህ ባለ ቁጠባ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በሌላ አገር መኖሩን አላውቅም። አሁን መጋዘኑ ውስጥ የድንች ጆንያ ተከምሯል።

ለክቡርነትዎ ልጽፍ የተነሣሁት ግን በዚህ ሳምንት በሆነው ምክንያት ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ኅዳር ፳፬፣ ሐረገወይን ዘንድሮስ ሳይጠሩ አያልፉም ብላ፣ ያሉትን ሃያ ሁለቱን በእኔ እጅ አስጽፋ ለቄሱ ሰጠች። ቄሱ በቅዳሴው መካከል አንድ በአንድ ጠሯቸው። ገብርኤልና ሩፋኤል የተጠራጠርንበትን ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም ስም ጠሩት። ሃያ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ አለቀ። ከዚያ በግእዝ «ወእለሰ ኢነአምር አስማቲሆሙ» ብለው፣ እሷ እንዲገባት ብለው በአማርኛ ደገሙት፤ «ስማቸውን የማናውቃቸውንም።»

በሴቶች በኩል የሐረገወይን ድምፅ ተሰማ። አልጮኸችም፣ ለቄሱ እርማት እንደምትሰጥ ያህል ነው የተናገረችው።

«እናቴ ታውቃቸው ነበር» አለች።

ቄሱ የመጽሐፋቸውን ገጽ ገለጡ። ቅዳሴው ቀጠለ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ነገር የለኝም። አሥራ አራት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ልመና የሌለበት ጽፌ ስለማላውቅ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ልማዱን ፈልጎ ብዙ ተቸገረ። ወረቀቱ ይፈለግልን እንዳልል በርበሬው ተበልቷል። ፈቃዱ ይታደስልን እንዳልል የሚናገር የለም። ጥፋተኛው ይቀጣልን እንዳልል የጽዳቱ ሥራ በመርማሪው ፊት እንዳስመሰገነዎት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን ብቻ ተቀብለው፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ መዝገብ ቤትዎ እንደ ዛሬው ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር፣ በሥርዎ የሚተዳደረውም ሕዝብ ዕለት ዕለት እየቀነሰ ሥራ እንዲቀልልዎ ከመመኘት ሌላ የሚቀረኝ የለም።

በደጅዎ በረንዳ ላይ መቀመጫውን ያላመደ፣ ለክቡርነትዎ ያለውን አክብሮት በልኩ የሚያውቅ፣

አላምረው ወልደኢየሱስ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችልም የሚያነብለት ሰው ይፈልግ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ካሸግሁ በኋላ ሐረገወይን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ ከዚህ በፊት ያልነገረችኝን አንድ ነገር ነገረችኝ። ከቀሩት ከዘጠኙ አንዱ አድማሴ የሚባል ንብ አርቢ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ አንዲት እኅት ብቻ ነበረችው፣ እሷም ከጦርነቱ በፊት ጎንደር ተድራ ልጅ ወልዳለች። ያ ልጅ ክቡርነትዎ ነዎት። እናትዎም ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰምተናል፤ ነፍስ ይማር። ሐረገወይን ይህን እንዳልጽፍብዎ ለምናኝ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር እንድጠይቅዎ ብቻ ነው፤ የአጎትዎን የክርስትና ስም ያውቁት ይሆን? የሚያውቁት እንደ ሆነ፣ እባክዎ በቃል ይንገሩን፤ በወረቀት አይላኩት።